የብርቱካን ልጣጭ፣ የታወቀ ሻጋታና የደንገጎ ዳገት፦ የአንድ የድሬዳዋ ጁስ ቤት የጉዳይ ጥናት

በድሬዳዋ ከተማ፣ ቀፊራ ገበያ አጠገብ የሚገኝ አንድ ጁስ ቤት በየቀኑ የሚያወጣውን የፍራፍሬ ልጣጭ በፈንገስ አማካይነት ወደ ኢንዛይምና ወደ ሌላ ጠቃሚ ነገር መለወጥ ይቻል እንደሆነ ለማየት ከጁስ ቤቱ ባለቤት ከአንዲት ወይዘሮ ጋር ሆነን የሠራነውን ሥራ ይህ የጉዳይ ጥናት ከመነሻው ጀምሮ አሁን እስካለበት ደረጃ ድረስ ያቀርባል። ወይዘሮዋ ስማቸውም ሆነ የቤታቸው ስም እንዲጻፍ ስላልፈለጉ ሁለቱም አይጠቀሱም። ጉዳዩ ለሌሎች ይጠቅማል ብዬ የማምነው በአንድ ምክንያት ነው። በላቦራቶሪ ጽሑፎች ውስጥ ቀላል መስሎ የሚታየው ይህ ሥራ ድሬዳዋ ላይ ሲሞከር ውጤቱን በአብዛኛው የወሰኑት የቦታው ሙቀት፣ የሰዉ የመጠጥ ልማድና ልጣጩን ከእኛ በፊት ሲጠቀሙበት የኖሩ ሰዎች መኖራቸው ነበር።

ቤቱና ከቤቱ የሚወጣው ልጣጭ

ቤቱ እንደ አብዛኞቹ የከተማው ጁስ ቤቶች ማንጎ፣ ፓፓያ፣ አቮካዶ፣ ሙዝ፣ ዘይቱንና ብርቱካን ያቀርባል፤ በወቅቱም ጊሽጣ ይጨመርበታል። ብርቱካኑ በአብዛኛው ከኤረር በኩልና በከተማው ዙሪያ ካሉት የቆላ እርሻዎች ሲመጣ፣ ሙዙ ከደቡብ በጭነት መኪና ረጅም መንገድ ተጉዞ ይደርሳል። ብርቱካን ሲጨመቅ ከክብደቱ ወደ ግማሽ የሚጠጋው ልጣጭ፣ ገለፈትና ፍሬ ሆኖ ይቀራል። ከማንጎም ልጣጩና ፍሬው ብቻ እንደ ዝርያው ከክብደቱ ሲሶ ያህሉን፣ አንዳንዴም ከግማሽ በላዩን ይይዛሉ። ስለዚህ አንድ ጁስ ቤት ከሚገዛው ፍራፍሬ ትልቁን ክፍል ገንዘብ ከፍሎ አስመጥቶ፣ እንደገና ገንዘብ ከፍሎ ያስወጣዋል ማለት ነው።

መጠኑም ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በማንጎ ወቅት ይበዛል፤ ከሁሉ በላይ የሚበዛው ግን በረመዳን ነው፤ ከማፍጠሪያው ሰዓት ጀምሮ እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ መፍጫው ስለማያርፍ በሌላ ወር በሳምንት የሚሞላው የማዳበሪያ ጆንያ በጥቂት ቀን ይሞላል። ረመዳን በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ስለሚሄድ፣ ይህ ከፍተኛ ጊዜ አንድ ዓመት ከብርቱካን ወቅት ጋር፣ ሌላ ዓመት ከማንጎ ወቅት ጋር ይገጥማል። ልጣጭን ለማምረቻ ግብዓት ማድረግ የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያ ሊያስብበት የሚገባው ይህንን አለመረጋጋት ነው፤ አንድ ወር ተትረፍርፎ በሚቀጥለው ወር በሚጠፋ ግብዓት ላይ ሥራ አይቆምም።

እርጥብ ልጣጭ በድሬዳዋ ሙቀት ሌሊቱን አይሻገርም። ጠዋት ላይ ዝንብ ይሰፍርበታል፤ ከማዳበሪያው የሚወርደው ፈሳሽ ደግሞ ደጁን ያሸታል። ሰብሳቢዎች በዘገዩ ጊዜ ክምሩ ወደ ደቻቱ አሸዋ መወሰዱ በየሰፈሩ የሚታይ ነገር ነው። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ማብቂያ ላይ ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን በገደለባት ከተማ ውስጥ የወንዙን መሄጃ በቆሻሻ መሙላት እንደ ቀላል ነገር ሊታይ አይገባውም። ወይዘሮዋ መጀመሪያ ያነጋገሩኝ ስለ ሽታው ነበር፦ «ልጄ፣ ይሄ ልጣጭ ነገ ጠዋት ይሸተኛል። ዛሬ ማታ እንጀራ የሚሆንበት መንገድ ካለ ንገረኝ» አሉኝ።

ማንኛውንም ሙከራ ከመጀመራችን በፊት ልጣጩ አሁን የት እንደሚደርስ ተከታተልን። የሙዙና የፓፓያው ልጣጭ ከሞላ ጎደል ሁሉ አይጣልም። የሰፈሩ ሴቶች ማለዳ መጥተው ለፍየሎቻቸው ይወስዱታል፤ ከጫት ገራባ ጋር ቀላቅለው የሚሰጡም አሉ። ይህንን ልጣጭ «ቆሻሻ» ብሎ ወደ ኢንዛይም ማምረቻ መውሰድ ማለት ከሰፈሩ ፍየሎች አፍ መንጠቅ ማለት ስለሆነ፣ ከጥናቱ ሙሉ በሙሉ አወጣነው። ፍየሎቹ እምብዛም የማይፈልጉት፣ ሴቶቹም የማይወስዱት የብርቱካኑን ልጣጭና የማንጎውን ፍሬ ነው። ምርጫችን በብርቱካኑ ልጣጭ ላይ ያረፈው በዚህ ምክንያት ነው። የማንጎው ፍሬ በስታርችና በቅባት የበለጸገ ቢሆንም ታኒን የተባለው አፍ የሚያደርቅ ቅመም ስላለበትና ጠንካራ ሽፋኑን መፈልፈል ራሱን የቻለ ሥራ ስለሆነ ለጊዜው ወደ ጎን ተደርጓል።

ሻጋታው ምን ይሠራል

የብርቱካን ልጣጭ ሲደርቅ ከክብደቱ ከአምስት አንድ እጅ እስከ ሲሶ ሊደርስ የሚችለው ፔክቲን ነው። ፔክቲን የፍራፍሬን ሕዋሳት እንደ ምርጊት እርስ በርስ አጣብቆ የሚይዝ ነገር ነው፤ ማርማላታ ሲቀዘቅዝ የሚረጋውም በእርሱ ምክንያት ነው። ፈንገስ አፍ ስለሌለው ምግቡን የሚፈጨው ከአካሉ ውጭ ነው። ልጣጩ ላይ ሲያርፍ ፔክቲኑን የሚቆራርጡ ኢንዛይሞችን ወደ ውጭ ይረጫል፤ ከተቆራረጠው ውስጥም የሚፈልገውን መጥጦ ይወስዳል። እነዚህ ኢንዛይሞች በጋራ ፔክቲኔዝ ይባላሉ። ፖሊጋላክቱሮኔዝ ረጅሙን ሰንሰለት በውኃ አማካይነት ይበጥሳል፤ ፔክቲን ላይዬዝ ደግሞ ያለ ውኃ እርዳታ ይሰብረዋል፤ ፔክቲን ኤስቴሬዝ በሰንሰለቱ ላይ የተንጠለጠለውን የሜቲል ክፍል ያላቅቃል። ኢንዛይሙ ከፈንገሱ አካል ውጭ የሚገኝ መሆኑ ለእኛ ትልቅ ጥቅም አለው፤ የበቀለበትን ልጣጭ በውኃ ዘፍዝፎ ማጥለል ብቻ ኢንዛይሙን ያወጣዋል።

ፈንገሱ ግን ኢንዛይም የሚያመርተው ሲያስፈልገው ነው። ዙሪያውን የተዘጋጀ ስኳር ካገኘ ፔክቲኑን ለመቁረጥ አይደክምም፤ ስኳሩ እስኪያልቅ ድረስ ፔክቲኔዝ የሚያሠራው የዘር መመሪያው ይታፈናል። ከጁስ ቤት የሚወጣው ልጣጭ ደግሞ ጭማቂ እንደ ተለቀለቀ የሚመጣ ነው። ስለዚህ ልጣጩን ከትፎ በንጹሕ ውኃ ማጠብ በብዙ የሥራ ዝርዝሮች ውስጥ እንደ ተራ ንጽሕና ቢጠቀስም፣ በእኛ ጉዳይ ውስጥ የኢንዛይሙን መጠን የሚወስን እርምጃ ሆኖ አገኘነው። የታጠበውና ያልታጠበው ጎን ለጎን ሲበቅሉ ያልታጠበው ፈጥኖ ነጭ ለበሰ፤ ዓይን ለሚያይ የተሻለው እርሱ ይመስላል። ውኃ ተጨምሮበት ሲጠልል ግን ፔክቲን የመቁረጥ ኃይሉ ደካማ ነበር። ፈጥኖ ማደግና ብዙ ኢንዛይም ማምረት ለየቅል መሆናቸውን ሁሉም የዚህ ሥራ ጀማሪ እንዲያውቀው እመክራለሁ።

ማጠቡ ሌላም ጥቅም አለው። የብርቱካን ልጣጭ ዘይት ከ90 በመቶ በላይ ሊሞኒን ነው፤ ሊሞኒንም በትንሽ መጠን እንኳ እርሾንና ባክቴሪያን ያዳክማል። ብርቱካን የበዛበት የኮምፖስት ጉድጓድ ሳይበሰብስ የሚቆይበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። አስፐርጊለስ ናይጀር የተባለው ጥቁር ሻጋታ ሊሞኒንን ከብዙዎቹ በተሻለ ይቋቋማል፤ ቢሆንም መታጠቡና በፀሐይ መድረቁ ከዘይቱ የተወሰነውን ስለሚያስወግዱ ሥራው ይቀልለታል።

ሻጋታን በእርጥብ ጠጣር ነገር ላይ አብቅሎ ኢንዛይም ማውጣት አዲስ ጥበብ አይደለም። ጃፓኖች በሩዝና በአኩሪ አተር ላይ አስፐርጊለስ ኦራይዜን ሲያበቅሉ ብዙ መቶ ዓመታት ሆኗቸዋል። ጆኪቺ ታካሚኔ የተባለው ጃፓናዊ ኬሚስት በ1894 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ስታርች የሚፈጭ ኢንዛይም በዚሁ መንገድ ለማምረት የባለቤትነት መብት ሲያወጣ፣ ሻጋታውን ያበቀለው በስንዴ ፉርሽካ ላይ ነበር። ጄምስ ኩሪ በ1917 እ.ኤ.አ. አስፐርጊለስ ናይጀር ከስኳር ሲትሪክ አሲድ በብዛት እንደሚሠራ ካሳየ በኋላ ደግሞ ከጣሊያን ሎሚ ይወጣ የነበረው የዓለም ሲትሪክ አሲድ ቀስ በቀስ ወደ ሻጋታው ተዛወረ። እኛም የተጠቀምነው ፉርሽካ ነው። በከተማው የዱቄት ወፍጮዎች በቀላሉ ይገኛል፤ ለፈንገሱ የናይትሮጅን ምግብ ይሰጠዋል፤ ልጣጩ እርስ በርሱ ተጣብቆ አየር እንዳያጣም ይከላከላል።

ማንኛውም ሻጋታ አይሆንም

ወይዘሮዋ በመጀመሪያው ቀን በማዳበሪያው ጥግ ላይ የሻገተ ብርቱካን አንሥተው «ሻጋታውማ ራሱ መጥቶ የለም እንዴ» ብለው ጠይቀውን ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም በጥብቅ መነገር አለበት። በብርቱካን ላይ ራሱ የሚበቅለው አረንጓዴና ሰማያዊ ሻጋታ ብዙውን ጊዜ የፔኒሲሊየም ዝርያ ሲሆን፣ በሞቃት አገር በማንኛውም ክምር ላይ ግን አስፐርጊለስ ፍላቨስም ሊቀላቀል ይችላል። የምሥራቅ ሐረርጌ ሰው ይህንን ስም ባያውቀውም ጉዳቱን ያውቀዋል፤ የባቢሌን፣ የጉርሱምንና የፈዲስን ለውዝ ገበያ ላይ ዋጋ የሚያሳጣው አፍላቶክሲን የተባለው መርዝ የሚመረተው በእርሱ ነውና። አፍላቶክሲን መኖሩ የታወቀው በ1960 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ውስጥ ከ100,000 በላይ የቱርክ ዶሮዎች በተበከለ የለውዝ ፋጉሎ ምክንያት ካለቁ በኋላ ነው። መርዙ ጉበትን የሚጎዳና ካንሰር የሚያመጣ ሲሆን፣ ተራ የምግብ ማብሰያ ሙቀትም አያጠፋውም። ራሱ በመጣ ሻጋታ የበቀለ ልጣጭ ለሰው ቀርቶ ለፍየልም መሰጠት የለበትም።

ስለዚህ ሥራው ከታወቀ የዝርያ ክምችት በተገኘ፣ ለምግብ ኢንዛይም ምርት ከሚያገለግሉት ወገን በሆነ አስፐርጊለስ ናይጀር ብቻ ተካሄደ። ይህም ቢሆን ጥንቃቄን አያስቀርም። አንዳንድ የአስፐርጊለስ ናይጀር ዝርያዎች ኦክራቶክሲንና ፉሞኒሲን የተባሉ መርዞችን ስለሚሠሩ «ናይጀር ነው» ማለት በራሱ ዋስትና አይሆንም፤ ዝርያውም የወጣው ውጤትም መመርመር አለባቸው። ሌላው ጥንቃቄ የሠራተኛው ሳንባ ነው። ይህ ሻጋታ ሲጎለምስ ጥቁር ዱቄት የሚመስል ዘሩን በአየር ይበትናል፤ አስም ላለበት ወይም የሰውነት መከላከያው ለደከመ ሰው ይህ ዱቄት ከባድ አደጋ ነው። ትሪዎቹ ሳይጠቁሩ፣ ነጭና ቢጫማ ሆነው ሳሉ ማንሣት ሠራተኛውን ይጠብቃል፤ የፔክቲኔዙ ኃይል ከፍ የሚለውም በአብዛኛው በ3ኛውና በ5ኛው ቀን መካከል ስለሆነ መቻኮሉ ኪሳራ የለውም። አፍንጫና አፍ መሸፈኛ ማስክ፣ የተለየ ክፍልና የተለየ ልብስ የማይታለፉ ነገሮች ናቸው። ጁስ በሚፈጭበት ቤት ውስጥ ይህንን ሥራ መሥራት ፈጽሞ አይቻልም፤ የሻጋታው ዘር ፍራፍሬው ላይ ማረፉ አይቀርምና።

የሙቀቱ ጉዳይ

አስፐርጊለስ ናይጀር በዚህ ዓይነት ሥራ የሚመቸው ከ28 እስከ 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለው ሙቀት ነው። ድሬዳዋ ይህንን ያለ ማሞቂያ ስለምትሰጥ በመጀመሪያ ከተማዋ ለሥራው የተፈጠረች መስላ ነበር። ነገር ግን ፈንገሱ ሲያድግ ራሱ ሙቀት ያመነጫል፤ ደረቅነት ያለውና አየር የያዘ ልጣጭ ደግሞ ሙቀትን ቶሎ አያስወጣም፤ በዚህም ምክንያት የትሪው ውስጥ ከክፍሉ አየር በ10 ዲግሪና ከዚያም በላይ ሊበልጥ ይችላል። በታኅሣሥና በጥር ይህ አያሰጋም። በግንቦትና በሰኔ ግን የከተማው የቀን ሙቀት ራሱ ወደ 35 ዲግሪ ስለሚጠጋ፣ የትሪው እምብርት ፈንገሱ ከሚችለው ያልፋል። በከተማው ውስጥ በሞቃቱ ወራት ያዘጋጀናቸው ትሪዎች ዳርዳራቸው ነጭ ሲለብስ መካከላቸው ቡናማ ሆኖ ቀረ፤ ሙቀት የሚወዱ ባክቴሪያዎች ገብተው አዝለገለጉት፤ ሽታውም ተለወጠ። ንጣፉን ማሳሳትና ማታ ማታ ማገላበጥ ቢያሻሽለውም አላዳነውም። ማቀዝቀዣ ማቆም ይቻላል፤ ነገር ግን መብራት ለጥቂት ሰዓታት በጠፋ ቁጥር ሙሉው ትሪ ስለሚበላሽ፣ ለትንሽ ሥራ የሚያዋጣ መንገድ አልሆነም።

ከዚህ በኋላ ያደረግነው ነገር የዚህ ጉዳይ ዋና ትምህርት ነው ብዬ አምናለሁ። ድሬዳዋ የምትገኘው በ1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። የደንገጎን ዳገት ወጥቶ ሐረማያ አካባቢ ሲደረስ ከፍታው ወደ 2,000 ሜትር ይጠጋል፤ በመካከላቸው ያለው መንገድም 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። አየር በየ1,000 ሜትሩ ከ6 ዲግሪ በላይ ስለሚቀዘቅዝ፣ ይህ አጭር መንገድ ወደ 5 ዲግሪ የሚጠጋ ልዩነት ይሰጣል፤ መብራትም አይጠይቅም። ስለዚህ ሥራውን ለሁለት ከፈልነው፤ ማድረቁ ታች፣ ማብቀሉ ላይ ሆነ።

የድሬዳዋ ፀሐይና ደረቅ አየር ለማድረቅ ተወዳዳሪ የለውም። ልጣጩ ተከትፎ ታጥቦ፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ በተዘረጋ ሸራ ላይ በስሱ ይሰጣል፤ በላዩም ዝንብና አቧራ እንዳይገባ መረብ ይደረግበታል። በደኅና ፀሐይ በሁለተኛው ቀን ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ የሚሰበር ይሆናል፤ ያን ጊዜ እርጥበቱ ወደ 10 በመቶ ወርዷል፤ የዱር ሻጋታም አይዘውም። ከመቶው ሰማንያው ውኃ የሆነ 100 ኪሎ ልጣጭ በዚህ መንገድ ወደ 22 ኪሎ ይወርዳል። የደረቀው ልጣጭ በደረቅ ቦታ በማዳበሪያ ተቋጥሮ ለወራት ስለሚቆይ የረመዳኑ ትርፍ ለሌላው ወር ይተርፋል፤ ግብዓቱ ይበዛል ይጠፋል የሚለው ቀዳሚው ችግራችንም የተፈታው በዚህ ነው። የማጓጓዣውም ነገር ከገመትነው ቀለለ። ከሐረማያ በኩል ድንች፣ ጎመንና ካሮት ጭኖ ማለዳ ቀፊራ የሚደርሰው አይሱዙ ሲመለስ ብዙውን ጊዜ ባዶውን ነው፤ ጥቂት ማዳበሪያ ደረቅ ልጣጭ ለመጫን ሾፌሮቹ የሚጠይቁት ዋጋ ትንሽ ነው።

ላይ ያለው ሥራ እንዲህ ነው። ደረቁ ልጣጭ ከሩዝ ፍሬ ትንሽ ተልቆ እስኪታይ ድረስ ይሰባበራል፤ በጣም ከደቀቀ ይለጠፋል፤ በጣም ከተለቀ ደግሞ ፈንገሱ ውስጡ አይደርስም። ከፉርሽካ ጋር ተቀላቅሎ ውኃ ይጨመርበታል፤ እፍኝ ተደርጎ ሲጨመቅ በጣት መካከል ጠብታ ሳይፈስ መዳፍን ካረጠበ እርጥበቱ ከ60 እስከ 70 በመቶ ባለው ተገቢ ክልል ውስጥ ነው። በእንፋሎት ይቀቀላል፤ ሲቀዘቅዝ የፈንገሱ ዘር ይረጭበታል፤ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ሆኖ በትሪ ይነጠፋል፤ በተቀቀለ አቡጀዲም ይሸፈናል። የሐረማያ ሌሊት በኅዳርና በታኅሣሥ ስለሚበርድ የመጀመሪያው ሌሊት ላይ ክፍሉን ማሞቅ ያስፈልጋል፤ ከዚያ በኋላ ትሪው ራሱን ያሞቃል። ሲደርስ በውኃ ተዘፍዝፎ በጨርቅ ይጠልላል፤ የሚወጣውም ቢጫማ ውኃ ድፍድፍ ፔክቲኔዝ ነው።

ኃይሉን ለመለካት የላቦራቶሪው መንገድ ከፔክቲን የሚለቀቀውን ስኳር በቀለም ለውጥ መቁጠር ነው። ለዕለታዊ ሥራ ግን የጁስ ፋብሪካዎች የሚጠቀሙበት የአልኮል ምርመራ ይበቃል። ኢንዛይም ከገባበት ጭማቂ ጥቂት ተወስዶ አሲድ የተጨመረበት አልኮል ሲቀላቀልበት ፔክቲን ከቀረ ዝልግልግ ነገር ይረጋል፤ ካልቀረ ደግሞ አይረጋም።

ኢንዛይሙ ለምን ይሁን

ፔክቲኔዝ በዓለም ገበያ የታወቀበት ሥራ ከ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የፖምና የወይን ጭማቂን ማጥራት ነው። ይህ አገልግሎት ለጁስ ቤቱ ምንም አይፈይድለትም። የድሬዳዋ ደንበኛ ጁስ የሚለው በማንኪያ የሚበላውን ወፍራሙን ነው፤ ስፕሪስ በማንጎ፣ በአቮካዶና በፓፓያ ተነባብሮ የሚቆመው ፔክቲኑ ስላለ ነው፤ ኢንዛይም ቢገባበት ወዲያው ይቀጥናል። ሁለተኛው የታወቀ ጥቅም የታጠበ ቡና ላይ ያለውን ልጋግ መፍታት ነው። የሐረር ቡና ግን ከጥንት ጀምሮ ከነገለፈቱ በፀሐይ ደርቆ የሚዘጋጅ ስለሆነ ልጋግ የሚታጠብበት ደረጃ የለውም። ሦስተኛው የጥጥ ፈትልን ከፔክቲን ማጽዳት ነው፤ ጨርቃ ጨርቅ ለዘመናት መተዳደሪያ ለሆነባት ለድሬዳዋ ይህ የሚያጓጓ ይመስላል፤ ነገር ግን ለዚያ ሥራ የሚመረጡት ኢንዛይሞች በአብዛኛው ከባሲለስ ባክቴሪያ የሚወጡና በቤዝ ውስጥ የሚሠሩ ሲሆኑ፣ የናይጀር ፔክቲኔዝ የሚመቸው ከ4 እስከ 5 ባለው የፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) መጠን፣ ማለትም በአሲድ ውስጥ ነው።

በዚህ ስሌት የቀረልን የአካባቢው የራሱ መጠጥ ነበር። ሁመር፣ ማለትም የሮቃ ፍሬ መጠጥ፣ በድሬዳዋና በሐረር ቀጭኑ የሚወደድ ነው። ፍሬው ተዘፍዝፎ በእጅ ይታሻል፤ ይጠልላል፤ ስኳር ገብቶበት ቀዝቅዞ ይጠጣል። ችግሩ ሁለት ነው፤ አንደኛ፣ ከታሸው ፍሬ ብዙ ጣዕም ከአተላው ጋር ይጣላል፤ ሁለተኛ፣ ጠርሙስ ውስጥ ሲያድር ይዘቅጣል። ሁለቱንም የሚያመጣው በአብዛኛው ፔክቲን ነው። ሁመር በጣም ኮምጣጣ ስለሆነ ፒኤቹ ብዙ ጊዜ ከ3 አይበልጥም፤ ኢንዛይሙም በዚህ አሲድ ውስጥ ሙሉ ኃይሉን አይሰጥም። ስለዚህ ከ45 እስከ 50 ዲግሪ በሚሆን ሙቀት ላይ ከተለመደው ረዘም ላለ ጊዜ ማቆየት አስፈለገ። በመጨረሻ ወደ 90 ዲግሪ ከፍ ተደርጎ ኢንዛይሙ እንዲሞት ሲደረግ የወጣው ሁመር በጨርቅ ፈጥኖ የሚወርድ፣ አተላው የቀነሰና ሲያድር የጠራ ሆኖ ታየ። ወይዘሮዋ በብርጭቆ ወደ ፀሐይ አንሥተው አይተው ቀለሙን ወደዱት።

ከዚያ ብርጭቆ ግን ማንም አልጠጣም። ድፍድፍ ኢንዛይም ከሻጋታ የወጣ ነገር ነው፤ የመርዝ ምርመራው ተደጋግሞ ሳይጠራና የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪው አካል ፈቃድ ሳይሰጥበት ለደንበኛ መቅረብ የለበትም። በተጨማሪም ፔክቲን ኤስቴሬዝ ሥራውን ሲሠራ ጥቂት ሜታኖል ስለሚለቅ መጠኑ መለካት ይኖርበታል። ይህ አቋም ወይዘሮዋን ለጊዜው ቅር ቢያሰኛቸውም፣ ልጆች የሚጠጡበት ቤት መሆኑን ስናነሣ ከእኛ በላይ ጥብቅ የሆኑት እሳቸው ናቸው።

እንጉዳዩ

ፈቃዱ እስኪገኝ ድረስ ደረቁ ልጣጭ ገንዘብ የሚያመጣበት ሁለተኛ መንገድ ያስፈልግ ነበር፤ ይህም የኦይስተር እንጉዳይ ሆነ። የሐረርጌ ገበሬ በብዛት ያለው የማሽላ አገዳ ተከትፎ በሙቅ ውኃ ከተዘጋጀ በኋላ የታጠበ የብርቱካን ልጣጭ በትንሽ መጠን ይቀላቀልበታል፤ አሲዱን ለማለዘብ ጥቂት ኖራ ይጨመራል፤ የእንጉዳይ ዘር ተዘርቶበትም በፕላስቲክ ከረጢት ይታሰራል። ልጣጩ ከበዛ እድገቱ ይዘገያል፤ በልኩ ሲሆን ግን ነጩ ክር ቶሎ ይሞላል። ይህም ሥራ የሚሆነው ላይ ነው፤ እንጉዳዩ ቀዝቃዛ አየርና ከ80 በመቶ በላይ የሆነ የአየር እርጥበት ስለሚፈልግ በድሬዳዋ ቆላ አይመቸውም።

እንጉዳዩን ከኢንዛይሙ የሚለየው ነገር ፈንገሱ ራሱ ለምግብነት የታወቀ መሆኑ ነው፤ ገዢውም የሚገዛውን በዓይኑ ያያል። የእንጉዳዩ ፈንገስ ልጣጩንና አገዳውን ለመፍታት ሴሉሌዝና ላኬዝ የተባሉ ኢንዛይሞችን ስለሚረጭ፣ ከመከር በኋላ የሚቀረው ብስባሽ ከጥሬው አገዳ ይልቅ ለማመንዠክ ለስላሳ ይሆናል። ጤናማው፣ ባዕድ ሻጋታ ያልያዘው ብስባሽ ተለይቶ ለፍየል መኖ ማሟያ ሲሰጥ፣ ጥርጣሬ ያለበት ሁሉ ወደ ኮምፖስት ይሄዳል። ላኬዝ የጨርቅ ማቅለሚያ ቀለሞችን እንደሚያፈርስ በሳይንስ የታወቀ ስለሆነ፣ የዚህን ብስባሽ ውኃ በማቅለሚያ ፍሳሽ ላይ መሞከር ለቀጣይ ጥናት የምመርጠው ርእስ ነው፤ ለምግብ ስለማይውል የፈቃዱ መንገድም አጭር ይሆናል።

አሁን ያለበት ሁኔታ

ጁስ ቤቱ ዛሬ ሦስት ዕቃ አለው። በአንዱ የሙዝና የፓፓያ ልጣጭ ይገባል፤ እንደ ድሮው ሴቶቹ ማለዳ ይወስዱታል። በሁለተኛው የብርቱካን ልጣጭ ብቻ ይገባል፤ ቀን ላይ አንዲት ሠራተኛ ከትፋ አጥባ ጣሪያ ላይ ታሰጣዋለች፤ ለዚህም የተለየ ክፍያ አላት። የማንጎ ፍሬና የአቮካዶ ፍሬ የሚገባበት ሦስተኛው ዕቃ አሁንም ወደ ቆሻሻ ገንዳ ነው የሚሄደው። ደረቁ ልጣጭ ሐረማያ በኩል እንጉዳይ ለሚያበቅሉ ወጣቶች ይሸጣል። ዋጋው ትንሽ ቢሆንም የማስወገጃው ወጪ ስለቀነሰና ደጁ ስለጸዳ ወይዘሮዋ ሥራውን የሚያቆሙ አይመስለኝም። ከደረቀው ውስጥ ጥቂቱ ለኢንዛይሙ ሥራ ተለይቶ ይቀመጣል፤ ትሪዎቹም በቀዝቃዛው ወቅት ይነጠፋሉ። ሁመሩ በጠርሙስ ይሸጥ ወይስ አይሸጥ የሚለው ገና አልተወሰነም፤ የኦክራቶክሲኑና የሜታኖሉ ምርመራ ውጤት በእጃችን ሲገባ ከወይዘሮዋ ጋር ተቀምጠን እንወስነዋለን።